ጂን ኦንቶሎጂ ላይ "አክቲቭ ትራንስፖርት" የታለ? የጤፍ ውጤቴን እንዴት ልመድበው?

ሰብሊ_ጤፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የማስተርስ ጥናቴ ጤፍ ላይ ነው። ውሃ ከተከለከለና በደንብ ከጠጣ ጤፍ ቅጠል አርኤንኤ አውጥተን ሲኩዌንስ አስደረግን፣ በድርቅ ጊዜ የጨመሩትንና የቀነሱትን ጂኖች ለየሁ፣ ከሩዝና ከአራቢዶፕሲስ (ለምርምር ከምትውለዋ ትንሽ ተክል) ጋር በመመሳሰል የጂኦ፣ ማለትም የጂን ኦንቶሎጂ (የጂኖችን ሥራ በወጥ ስሞች የሚመድበው ሥርዓት)፣ ተርም ሰጠኋቸው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ኢንሪችመንት (የትኛው ተርም ከሚጠበቀው በላይ እንደበዛ የሚያሳይ ፈተና) ሳሠራ ግን ከላይ የመጣው ሁሉ ትራንስፖርት ሆነብኝ። "ትራንስፖርት" አለ፣ "ትራንስሜምብሬን ትራንስፖርት" አለ፣ "የውሃ ትራንስፖርት" አለ፣ "በቬሲክል የሚካሄድ ትራንስፖርት" አለ፣ "በኒውክለስና በሳይቶፕላዝም መካከል የሚካሄድ ትራንስፖርት" አለ። ግማሾቹ ጂኖች ሦስት አራት ቦታ ይደጋገማሉ። አንዷ አኳፖሪን (የቻናል ፕሮቲን ዓይነት) ብቻዋን ገጹን ሞላችው።

አማካሪዬ የሚፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ነው፦ ፓሲቭ (ጉልበት የማይጠይቅ)፣ አክቲቭ (ጉልበት የሚጠይቅ)፣ በቬሲክል (በሜምብሬን ከረጢት)። የአንደኛ ዓመት ባዮሎጂ ላይ እንደተማርነው። ችግሩ በሂደት በኩል "አክቲቭ ትራንስፖርት" የሚል ተርም ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። የኒውክለሱ ነገር ደግሞ ይባስ ግራ ያጋባል። ኒውክለስ ሜምብሬን አለው አይደል? ታዲያ ለምን ከትራንስሜምብሬን ሥር አልገባም? ኦንቶሎጂው ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? ሠንጠረዡን እንደፈለግኩ ብሠራውስ ያስቀጣል?

መዝጋቢው

ሰብሊ፣ አኖቴሽን (ለጂኖች ተርም የመስጠት) ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይሄን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ ስለዚህ አትጨነቂ። "አክቲቭ" አለ። የፈለግሽው ግን በሌለበት ቦታ ነው።

ጂኦ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀመር የዝንብ፣ የአይጥና የእርሾ ዳታቤዝ ሰዎች ናቸው የተሰባሰቡት፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲረዳው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሦስት ለየብቻ የቆሙ ክፍሎች አሉት፦ ሞሌኪዩሉ የሚሠራው ሥራ፣ ሥራው የሚያገለግለው ሂደት፣ ሥራው የሚካሄድበት የህዋስ ክፍል። ድግስ ላይ ወጥ የምትሠራዋ ሴት ሥራዋ ወጥ መሥራት ነው፣ ድግሱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳተፍበት። ፕሮቲንም እንደዛው።

ጉልበት ይጠቀማል ወይስ አይጠቀምም የሚለው የራሱ የፕሮቲኑ ጠባይ ስለሆነ የተቀመጠው በሥራ በኩል ነው። ጂኦ 0022804ን ክፈቺ፣ አክቲቭ የሆኑት የትራንስሜምብሬን አጓጓዦች እዚያ ናቸው። ሥሩ ቀጥታ ከኤቲፒ (የህዋሱ የጉልበት ሞሌኪዩል) ወይም ከመሰል ምንጭ ጉልበት የሚወስዱት (0015399) እና ሌላ አዮን ወደ ቁልቁለቱ ሲወርድ በእሱ ጉልበት የሚሠሩት (0015291) ይለያያሉ። ፓሲቮቹ 0022803 ላይ ናቸው፣ ቻናሎች (0015267) በሙሉ ከዚያ ሥር ይገባሉ። በሂደት በኩል ያለው ክፍፍል ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፦ ምን ተጓጓዘ፣ ከየት ወዴት፣ በምን መንገድ። ስለዚህ አኳፖሪንሽ "የውሃ ቻናል" (0015250) ላይም "የውሃ ትራንስፖርት" (0006833) ላይም ብትገኝ ድግግሞሽ አይደለም። አንዷ ጂን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መለሰች፣ በቃ።

ወደ ኒውክለሱ ልምጣ። እዚህ ላይ ስሙን ሳይሆን ትርጉሙን አንብቢ። ትራንስሜምብሬን ትራንስፖርት (0055085) ማለት አንድ የሟሟ ነገር የሊፒዱን ድርብ ንብርብር አቋርጦ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። በኒውክለስ ቀዳዳ የሚያልፍ ፕሮቲን ደግሞ ምንም ሊፒድ አያቋርጥም። የውጭውና የውስጡ ሜምብሬን ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይገጣጠማሉ፣ ተጓዡ በመሃሉ ያልፋል። ተርሙ አስተያየት ላይ ይሄው በግልጽ ተጽፏል፣ ለኒውክለስ ቀዳዳ ወደ 0006913 ሂዱ ይላል። ቬሲክልም በተመሳሳይ ምክንያት ነው ለብቻው የቆመው። በኤንዶሳይቶሲስ የገባ ነገር ተጠቅልሎ ነው የገባው። ሜምብሬኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ይቆረጣል፣ ዕቃው ግን አሁንም በከረጢቱ ውስጥ ነው። ከከረጢቱ ወጥቶ ወደ ሳይቶፕላዝም ካልገባ በስተቀር ምንም አልተሻገረም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በመማሪያ መጽሐፍሽ የመጀመሪያው ፓሲቭ ትራንስፖርት ተራ ስርጭት ነው፣ ኦክስጅን ሊፒዱን ሰንጥቆ ሲገባ። ጂኦ ላይ ብትፈልጊ አታገኚውም። የ"ትራንስፖርት" (0006810) ትርጉም ራሱ "በአንድ አድራሽ አማካኝነት" ይላል፣ ማለትም አጓጓዥ፣ ቀዳዳ ወይም ሞተር ፕሮቲን። ጂን የማይሠራው ነገር ጂኦን አያገባውም። አማካሪሽ ሠንጠረዡን እንደ መጽሐፉ ከፈለገ አንዱ ሳጥን ባዶ ይቀራል።

የሜምብሬን_መምህር

መዝጋቢው ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን ለተማሪዎቼ ጂኦን ለትራንስፖርት ምደባ አልመክርም። ፊዚዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ስለዚህ አድልዎ አለብኝ።

ለአጓጓዦች ብቻ ተብሎ የተሠራ ምደባ አለ፣ ቲሲዲቢ ይባላል፣ የካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ዩኒቨርሲቲው ሚልተን ሳየር ያቋቋመው። እያንዳንዱ አጓጓዥ አምስት ክፍል ያለው ቁጥር አለው። በ1 የሚጀምር ቻናል ወይም ቀዳዳ ነው፣ በ2 የሚጀምር በኤሌክትሮኬሚካል ልዩነት የሚነዳ፣ በ3 የሚጀምር ቀጥታ ጉልበት የሚጠቀም። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ቤተሰቡንና ዝምድናውን ያሳያሉ። ንጹህ ነው። አንድ ፕሮቲን አንድ አድራሻ።

በአኖቴሽን ስም ሲደባለቅ ያየሁትን ብዘረዝር አያልቅም። ሶዲየም ፖታሲየም ፓምፕን ውሰዱ፣ ስኩ የሚባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1957 ያገኘው፣ በ1997 ኖቤል ያሸለመው። በአንድ ኤቲፒ 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ታዲያ ሂደቱ የሶዲየም መውጣት ነው? የፖታሲየም መግባት? የሜምብሬን ቮልቴጅ መጠበቅ? ጂኦ "ሁሉም" ይላል። አንጀት ውስጥ ግሉኮስን ከ2 ሶዲየም ጋር የሚያስገባው ኤስጂኤልቲ1ም እንደዚያው፣ የኦአርኤስ ውሃ የሚሠራው በእሱ ነው፣ አሁን ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ሶዲየምና ግሉኮስን እኩል 75 ሚሊሞል በሊትር ያደረገው በከንቱ አይደለም። ግሉኮስ ሥር ልፈልገው ወይስ ሶዲየም ሥር?

መዝጋቢው

መምህር፣ ሁለቱም ሥር ይፈልጉታል፣ ሁለቱም ሥር ያገኙታል። ጂኦ ዛፍ አይደለም፣ አንድ ተርም ብዙ ወላጅ ሊኖረው ይችላል። የግሉኮስ ጥናት የሚሠራውም የሶዲየም ጥናት የሚሠራውም ያንኑ ፕሮቲን ያገኛል። እርስዎ ጉድለት ያሉት ነገር ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ነው።

የ"አንድ ፕሮቲን አንድ አድራሻ" ነገር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ሲኤፍቲአር የሚባለውን ፕሮቲን ይመልከቱ፣ ሲበላሽ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን የዘር በሽታ የሚያመጣውን። ዝምድናው ኤቢሲ ከሚባሉት በኤቲፒ ከሚሠሩ ፓምፖች ጋር ስለሆነ ቲሲዲቢ 3.ኤ.1 ውስጥ ከፓምፖቹ ጋር አስቀመጠው። ሥራው ግን ክሎራይድ ቻናል ነው፣ ኤቲፒ በሩን ለመክፈት ነው የሚጠቀመው እንጂ ክሎራይዱን ለመግፋት አይደለም። ጂኦ ቻናል ይለዋል። ዘመዱን ከፈለጉ ቲሲዲቢ፣ ሥራውን ከፈለጉ ጂኦ።

የሜምብሬን_መምህር

ሲኤፍቲአር ላይ እጅ አልሰጥም ግን ነጥቡ ገብቶኛል። ይልቅ ለሰብሊ የሚጠቅም አንድ ልስጥ። የሲኤልሲ ቤተሰብ "ክሎራይድ ቻናል" እየተባለ ነው የሚጠራው። ጡንቻ ላይ ያለው እውነትም ቻናል ነው። የባክቴሪያው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲመረመር ክሎራይድን በፕሮቶን የሚለዋውጥ ሆኖ ተገኘ። አራቢዶፕሲስ ላይ ደግሞ ሲኤልሲ-ኤ በ2006 ናይትሬትን በፕሮቶን ለውጦ ቫኪዩል ውስጥ የሚያከማች መሆኑ ታየ። ከዝርዝርሽ ውስጥ "ክሎራይድ ቻናል" የሚል የጤፍ ጂን ካለ ፓሲቭ ሳጥን ውስጥ ከመጣልሽ በፊት የቅርብ ዘመዱ የትኛው እንደሆነ እይ።

ሰብሊ_ጤፍ

አለ! ሁለት አለ። ወደ ፓሲቭ ልወስዳቸው ነበር። በጣም አመሰግናለሁ መምህር።

ሌላ ጥያቄ። ኤስኦኤስ1 ገብቶኛል፣ ሶዲየም አስወጥቶ ፕሮቶን የሚያስገባ ነው፣ ጉልበቱን የሚሰጠው የፕሮቶን ፓምፑ ስለሆነ ሁለተኛ ደረጃ አክቲቭ። ኤስኦኤስ2 ግን ካይኔዝ ነው፣ ኤስኦኤስ1ን ፎስፎሪሌት አድርጎ (ፎስፌት ለጥፎበት) የሚያነቃው። እሱንም ትራንስፖርት ውስጥ ልቁጠረው? የምጠቀምበት ፕሮግራም ቆጥሮታል መሰለኝ።

ኮድ_ብቻ

እዚህ ጋ ልግባ። ካይኔዙ ራሱ ምንም አያጓጉዝም። "የትራንስፖርት ቁጥጥር" (0051049) ከ"ትራንስፖርት" ጋር የተያያዘው "ይቆጣጠራል" በሚል ግንኙነት ነው፣ "ዓይነቱ ነው" በሚል አይደለም። ፕሮግራምሽ ጂኖችን ወደ ወላጅ ሲያሻቅብ በየትኞቹ ግንኙነቶች እንደሚሄድ ሰነዱ ላይ አንብቢ። አንዳንዱ በ"ዓይነቱ ነው" እና በ"ክፍሉ ነው" ብቻ ይወጣል፣ አንዳንዱ ቁጥጥሩንም ይጨምራል፣ ያኔ ካይኔዞችና ፎስፋቴዞች ሆ ብለው ትራንስፖርት ውስጥ ይገባሉ። የትኛውንም ምረጪ፣ ብቻ ሜቶድ ክፍል ላይ ጻፊው።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነካው ነገር። ተርሞቹን ያገኘሽው በመመሳሰል ነው፣ ማለትም ማንም ሰው ጤፍ ላይ ሙከራ አልሠራም። አኳፖሪን ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። የአኳፖሪን ዶሜን (የቤተሰቡ መለያ የሆነ የፕሮቲን ክፍል) ያለው ሁሉ ውሃ አያሳልፍም፤ ሩዝ ላይ ኤልኤስአይ1 የሚባለው በ2006 የታወቀው የዚሁ ቤተሰብ አባል ዋና ሥራው ሲሊከን ማስገባት ነው፣ አራቢዶፕሲስ ላይ ኤንአይፒ5፤1 ቦሪክ አሲድ ያስገባል። ዶሜን ላይ ብቻ ከቆምሽ ማለት የምትችዪው "ቻናል" ነው። "የውሃ ቻናል" ለማለት ፒአይፒ ወይም ቲአይፒ በሚባሉት የአኳፖሪን ንዑስ ቡድኖች ውስጥ መሆኑን በዝምድና ዛፍ አሳዪ። የድርቅ ጥናት ላይ "ውሃ" የሚል ቃል ስለሚያምር ብቻ አትውሰጂው።

ቀጥሎ ጤፍ ቴትራፕሎይድ ነው፣ ሁለት ንዑስ ጂኖም አለው፣ ስለዚህ አብዛኛው ጂን ጥንድ ነው። ጥንዶቹ አብረው ከፍ ዝቅ ካሉ ቁጥርሽ ያብጣል፣ ፈተናው ደግሞ እያንዳንዱ ጂን ራሱን የቻለ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። አንድ ጊዜ ጥንዶቹን እንደ አንድ ቆጥረሽ ድገሚውና ውጤቱ ከቆመ እሰየው። ማነጻጸሪያውም በቅጠሉ ውስጥ የተነበቡት ጂኖች ብቻ ይሁኑ፣ የጂኖሙ ጂን በሙሉ ከሆነ ቅጠል ስለሆነ ብቻ የሚወጣ ነገር "ድርቅ" መስሎ ይታይሻል።

ስለ ድግግሞሹ፦ ከታች ያለው ልጅ ሲወጣ ወላጁም አብሮ ይወጣል፣ ልጁ ላይ ያለ ጂን ሁሉ ወላጁም ላይ ስለሚቆጠር። "ትራንስፖርት" የሚለውን ሰፊ ተርም ሪፖርት ማድረግ ለአንባቢ ምንም አይነግርም። ቶፕጂኦ የሚባለው የኢንሪችመንት ፕሮግራም "ኤሊም" የሚባል ዘዴ አለው፣ ከታች ጀምሮ ጉልህ ሆኖ ያገኘውን ተርም ጂኖች ከወላጆቹ ላይ ያነሳል። እሱን ሞክሪ።

የፋይሉን እትምም እዪ። የድሮው "የአዮን ትራንስፖርት" (0006811) አሁን "የሞኖአቶሚክ አዮን ትራንስፖርት" ሆኗል፣ ማለትም እንደ ሶዲየምና ክሎራይድ ባለ አንድ አቶም አዮኖች ብቻ። ናይትሬትና ፎስፌት በዚህ ትርጉም አይገቡም። አኖቴሽንሽ ከአሮጌ ፋይል፣ ፕሮግራምሽ ከአዲስ ፋይል ከሆነ ጂኖች ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠፋሉ፣ ስህተት እንኳን አይጽፍልሽም።

ሠንጠረዡን እንደፈለግሽ መሥራት አያስቀጣም። "ጂኦ እንዲህ መደበው" ብለሽ ራስሽ የመደብሽውን ካቀረብሽ ግን ገምጋሚ ይበላሻል።

ሰብሊ_ጤፍ

እሺ ኮድ_ብቻ፣ አስለቀስከኝ እንጂ ገብቶኛል። ሁለት ሠንጠረዥ አደርገዋለሁ። አንዱ በሥራ በኩል፣ የአማካሪዬን ፓሲቭና አክቲቭ የሚያሟላ። ሌላው በሂደት በኩል፣ ትራንስሜምብሬን፣ በቬሲክል፣ በኒውክለስ ቀዳዳ። ካይኔዞቹ ለብቻቸው "ቁጥጥር" ይሁኑ።

የቀረኝ አንድ ነው። በፕላዝሞዴስማታ (የተክል ህዋሶችን በሚያገናኙት ቀጫጭን ቦዮች) ከህዋስ ወደ ህዋስ የሚያልፈውስ? ሦስት ጂን አለኝ። ከትራንስሜምብሬን ጋር ላድርገው?

መዝጋቢው

አይ። የፕላዝሞዴስማታው ቦይ ሳይቶፕላዝምን ከሳይቶፕላዝም ነው የሚያገናኘው፣ ሜምብሬኑ የቦይው ግድግዳ ሆኖ ከአንዱ ህዋስ ወደ ሌላው ይቀጥላል፣ የሚሻገር ሊፒድ የለም። የራሱ ተርም አለው፣ 0010497። በሂደት ሠንጠረዥሽ ላይ ከኒውክለስ ቀዳዳው ቀጥሎ አራተኛ መስመር አድርጊለት። ሦስቱ ጂኖች ግን ምን እንደሆኑ እይ፤ ካሎዝ (ቦዩ አፍ ላይ የሚከማች የስኳር ሰንሰለት) የሚሠሩ ወይም የሚያፈርሱ ከሆኑ ቦዩን የሚያጠቡና የሚያሰፉ ናቸው እንጂ የሚያጓጉዙ አይደሉም፣ ከካይኔዞችሽ ጋር ቁጥጥር ውስጥ ይግቡ።

ሰብሊ_ጤፍ

ሁለቱ ካሎዝ ሠሪ ናቸው። ወደ ቁጥጥር ሄዱ። ሦስተኛዋን ነገ አያታለሁ።