የጀርመን ሼንገን ቪዛ ወጥቷል፤ እናቴ ፍራንክፈርት ስትገባ ምን ትጠየቃለች? (ጥያቄና መልስ)

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በኢትዮጵያ ፓስፖርት እኔን ለመጠየቅ የጀርመን ሼንገን ቪዛ አግኝታለች። ቪዛው ላይ «ፎም 01-06-26፣ ቢስ 14-08-26» ይላል፤ መግቢያ 01 (አንድ ጊዜ ብቻ)፣ ቆይታ 60 ቀን። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ፍራንክፈርት ነው የምትገባው፣ ቲኬቱ ገና አልተቆረጠም። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትችልም።

እስከ 14-08 ትቆያለች ወይስ 60 ቀን ብቻ? ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ምን ወረቀት ይጠየቃል? አዲሱ የአሻራና የፎቶ ምዝገባ እሷንም ይነካል? ደግሞ ቅቤና ቋንጣ ላምጣ እያለች ነው፣ ምን ልበላት?

ቀን ቆጣሪ

እህቴ፣ ሁለቱም ገደብ ይሠራል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ነው የሚያስወጣው። «ፎም» እና «ቢስ» መግባትም መውጣትም የሚቻልበትን መስኮት ነው የሚያሳዩት። «ዳወር» ከሚለው ስር ያለው 60 ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ መቆየት የሚቻለው ቀን ነው። ብትቆጥሪው መስኮቱ 75 ቀን ነው፤ በ60ው ላይ 15 ቀን የተጨመረው በረራ ቢገፋ ወይም ቢዘገይ መፈናፈኛ እንዲሆን እንጂ ለቆይታ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የገቡበትም የወጡበትም ቀን እንደ ሙሉ ቀን ይቆጠራል። ጁን 10 (ሰኔ 3) ከገቡ፣ 60ኛው ቀን ኦገስት 8 (ነሐሴ 2) ነው፤ ያን ቀን መውጣት አለባቸው። ጁን 25 ከገቡ ግን 60 ቀኑ ሳይሞላ መስኮቱ ኦገስት 14 ላይ ይዘጋል፣ የሚያገኙት 51 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ 60ውን በሙሉ ከፈለጋችሁ ከጁን 16 ሳያልፍ ይግቡ።

የመመለሻ በረራው የማታ ከሆነ ልብ በይ፦ የሚመዘገበው ፓስፖርት ቁጥጥሩን ያለፉበት ሰዓት ነው። ቲኬቱን በ60ኛው ቀን ማታ ቆርጣችሁ በረራው ተራዝሞ ቁጥጥሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ፣ 61 ሆነ ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ መቁረጥ ይሻላል። ቪዛው ላይ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ነው ቅደም ተከተሉ፤ ቲኬት ቆራጩ ጋር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተነጋገራችሁ ደግሞ የወጣውን ቲኬት ከቪዛው ጋር አስተያዩት።

የድንበር ነገር

ቪዛ ማግኘት በር ላይ መድረስ ነው፤ ፖሊሱ የመግቢያ መስፈርቶቹን እንደገና የማጣራት መብት አለው። የሚጣራው አራት ነገር ነው፦ ለምን መጡ፣ የት ያርፋሉ፣ በምን ይኖራሉ፣ ከዚያ መመለሳቸው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ ያሳልፋል፣ ግን ወረቀቱ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ጭነት ሻንጣ ውስጥ የገባ ሰነድ ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ የለም ማለት ነው፤ ጭነቱ የሚወሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ፋይል ውስጥ እነዚህን አድርጉላቸው፦ አንቺ ከአውስሌንደርበሆርደ (የውጭ ዜጎች ቢሮ) ያወጣሽው የዋስትና ወረቀት (ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ) ኮፒ፣ የአንቺ መታወቂያና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ የግብዣ ደብዳቤ ከአድራሻና ስልክ ጋር፣ የመመለሻ ቲኬት፣ የጉዞ ኢንሹራንስ። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራና የቆይታውን ቀን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። ቀኑ ከቪዛው በፊት የሚጀምር ወይም በረራው ሲቀየር ያልተስተካከለ ኢንሹራንስ በጣም የተለመደ ክፍተት ነው። ስኳርና ደም ግፊት ካለባቸው ደግሞ ቀድሞ የነበረ በሽታ ክትትል አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ኢንሹራንስ አይሸፈንም፣ ድንገተኛው ብቻ ነው። ውሉን አንብቢው።

የልደት ሰርተፍኬትሽን ትርጉም ጨምሪበት። በእኛ አጠራር የእናትና የልጅ ስም አይገናኝም፤ እዚያ ያለው ፖሊስ የሚያውቀው የጋራ የቤተሰብ ስም ነው፣ «ልጄ ናት» ሲሉት ወረቀቱ ላይ የሚያየው ፍጹም የተለያየ ስም ነው። ሰርተፍኬቱ ያንን በአንድ እይታ ይዘጋዋል።

ቋንቋ ስለማይችሉ በጀርመንኛ አንድ ገጽ ጻፊላቸው፦ ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ አድራሻዋ ይህ ነው፣ ስልኳ ይህ ነው፣ የምመለሰው በዚህ ቀን ነው። ከቪዛ ማመልከቻው ጋር አንድ ይሁን። ማመልከቻው ላይ የቤተሰብ ጥየቃ ተብሎ በር ላይ «ሥራ ልሠራ» የሚል ቃል ከወጣ፣ በጥያቄ ክፍል ውስጥ ሰዓት ይፈጃል። ስልክሽን ክፈቺ፣ ይደውላሉ።

አየር መንገዱም አዲስ አበባ ላይ ቼክ ኢን ሲደረግ የመመለሻ ቲኬትና ቪዛ ያያል። የቲኬቱ ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ማሽን አዋቂ

ስለ አሻራው እኔ ልመልስ። ኢኢኤስ የሚባለው የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ነው የጀመረው፤ ደረጃ በደረጃ ሲዘረጋ ቆይቶ እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 2026 ሁሉም የውጭ ድንበር ላይ እንዲሠራ ነው የተቀመጠው። የፓስፖርት ማህተምን ይተካል። የአጭር ጊዜ ቪዛ ያላቸው ሰዎች አሻራ ለቪዛው ሲሰጡ ስለተያዘ፣ በዚህ ሥርዓት የሚጨመረው የፊት ፎቶ ነው፤ አሻራ ማሽን ላይ ለማነጻጸር ሊያስነኳቸው ይችላሉ። ክፍያ የለውም፣ ቀድሞ መመዝገብም የለም። «የኢኢኤስ ፎርም እንሙላልዎ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ አጭበርባሪ ነው።

ኢቲያስ የሚባለውም ከእሳቸው ጋር አይገናኝም፤ ቪዛ የማያስፈልጋቸው አገሮች ዜጎችን ነው የሚመለከተው።

ዋናው ለውጥ ይህ ነው፦ ድሮ ማህተም ቆጥሮ የሚያጣራ ፖሊስ ነበር፣ አሁን ሥርዓቱ ራሱ ቀኑን ይቆጥራል። አንድ ቀን ማለፍ እንኳ ሲወጡ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ለቀጣዩ ቪዛም መዝገብ ሆኖ ይቀመጣል።

ሻንጣ ጠባቂ

ወደ ቅቤው እንምጣ። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ፣ የተሠራ ዶሮ ወጥ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ ሁሉ ለግል ፍጆታም ቢሆን አይገባም። መጠኑ ትንሽ መሆኑ፣ መነጠሩ፣ በቫኪዩም መታሸጉ ለውጥ አያመጣም። የከለከሉት የእንስሳት በሽታ እንዳይገባ ነው። ጾል (ጉምሩክ) ካገኘው ይወስዳል፣ ያስወግዳል፣ ሳይናገሩ በአረንጓዴው በር («የማስመዘግበው ዕቃ የለኝም» በሚለው) ከወጡ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ውሻዎቹ ደግሞ ቅቤን ከሩቅ ነው የሚያውቁት።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፦ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ የጤፍ ዱቄት፣ ደረቅ እንጀራ፣ የተቆላ ቡና ችግር የለባቸውም። ሽሮው ውስጥ ቅቤ ገብቶበት ከሆነ ግን ያው ቅቤ ነው። ዱቄቱን በላስቲክ ጠቅልለው ያልተጻፈበት አድርገው አይምጡ፤ በየጥቅሉ ላይ ምን እንደሆነ በጀርመንኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ስሙ ያልታወቀ ቀይና ነጭ ዱቄት መመርመሩ አይቀርም።

እርጥብ ነገር ሌላ ሕግ ነው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ትኩስ ቃሪያ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይፈልጋሉ፣ ያለዚያ ይወሰዳሉ። ሙዝና አናናስ ከዚህ ነጻ ናቸው። ጫት ጀርመን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው፤ «ለሰው አድርሱልኝ» የተባሉትን ጥቅል ከፍተው ሳያዩ እንዳይቀበሉ በግልጽ ንገሪያቸው። የሰው አደራ በእሳቸው ስም ነው የሚገባው።

አረቄ ከ22 በመቶ በላይ አልኮል ያለው 1 ሊትር ነው። ስጦታና ሌላ ዕቃ በአየር ለሚመጣ መንገደኛ እስከ 430 ዩሮ ከቀረጥ ነጻ ነው፤ የአንድን ዕቃ ዋጋ ለሁለት ሰው ማካፈል አይቻልም። ለብሰውት የመጡት የራሳቸው ወርቅ ይዘውት ከተመለሱ ችግር የለውም፣ ለአንቺ የመጣ ስጦታ ከሆነ ግን በ430ው ውስጥ ይገባል። ጥሬ ገንዘብ 10,000 ዩሮ ወይም የዚያ ተመጣጣኝ ከሆነ በቀዩ በር («የማስመዘግበው አለኝ» በሚለው) ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

መድኃኒታቸውን በፋብሪካው ማሸጊያ፣ ለቆይታቸው በሚበቃ መጠን፣ ከሐኪም ማዘዣ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት ካለበት የሐኪም ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ እህቴ ለንደን ናት፣ ለአንድ ሳምንት ወስዳ ልታሳያት ትፈልጋለች። ዙሪክ ያለች አክስቴስ ጋር በባቡር ብንሄድ?

ቀን ቆጣሪ

ለንደን ይቅር። ብሪታንያ የራሷን ቪዛ ትፈልጋለች፣ ያ ቢገኝ እንኳ መግቢያው 01 ስለሆነ ከሼንገን የወጡ ዕለት ቪዛው ያልቃል፤ ቀሪ ቀን ቢኖራቸውም ወደ ፍራንክፈርት መመለስ አይችሉም። ግድ ከሆነ ለንደን የመጨረሻ ይሁን፣ ከዚያ በቀጥታ አዲስ አበባ።

ዙሪክ ይቻላል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሼንገን ውስጥ ናት፣ ቀኑ ግን ከዚያው 60 ላይ ይቀነሳል። ጉምሩኳ የተለየ ስለሆነ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ተሸክመው አይሂዱ። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሯ ላይ ቁጥጥር ስለመለሰች ባቡር ላይ ፓስፖርት ሊጠየቅ ይችላል፤ ኮፒ አይበቃም፣ ዋናውን ይያዙ።

የድንበር ነገር

አንድ ልጨምር። እዚህ እያሉ ቢታመሙና መብረር ባይችሉ፣ 60ው ሳያልቅ በከተማችሁ አውስሌንደርበሆርደ ሄዳችሁ በሐኪም ማስረጃ ማራዘሚያ ጠይቁ። «ልጄ ናፍቃኛለች» ለማራዘሚያ ምክንያት አይሆንም። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ማስረጃ ያለፈውን ቀን አይሰርዝም።

ሌላው፣ አየር መንገዱን ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ዊልቸር ጠይቁላቸው። ክፍያ የለውም። መራመድ ቢችሉም፣ ቋንቋ ለማይችል ሰው ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ ፓስፖርት ቁጥጥሩን አሻግሮ ሻንጣው ጋር የሚያደርስ ሰው አለ ማለት ነው። አንቺ መጠበቅ የምትችዪው ከጉምሩክ ውጭ ነው፣ ወደ ውስጥ አያስገቡሽም።