የመኪና ማጠቢያ ማሽንን ከሮቶ ውሃ ማሠራት

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ነው፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የምንጠቀመው የተጠራቀመ ውሃ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ 1,000 ሊትር ሮቶና አንድ 200 ሊትር በርሜል አለ። ማሽኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ በደቂቃ 7 ሊትር ይወስዳል። ከበርሜሉ በጎማ ሲስብ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ይቆራረጣል፣ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅም አለው። ፓምፑ ነው ወይስ አገጣጠሙ?

መልስ 1፦
በዚህ ድምፅ አያሠሩት። ውሃ ያጠረው ፓምፕ የሚያሰማው ነው፤ ከቀጠለ ጎሚኒዎቹንና ቫልቮቹን ይበላል። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ውሃ ለመግፋት ነው። መሳብ የሚችሉትም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ አይስቡም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቱ በሩብ ያህል ያንሳል፤ መሳብም በዚያው ልክ ይከብዳል።

በርሜሉን ይተዉትና ከሮቶው ሥር ይውሰዱ። ሮቶውን 1 ሜትር በሚሆን ጠንካራ መቆሚያ ላይ ያውጡት። ሲሞላ 1 ቶን ውሃ ስለሚይዝ በቀጭን ብረት የተበየደ መቆሚያ አይበቃም። ከፍታው የሚጨምረው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ውሃው ራሱ ወደ ማሽኑ መውረዱ ላይ ነው። የሮቶው መውጫ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ከሆነ በ3/4 ኢንች ቦል ቫልቭ ይለውጡት። ጎማውም 3/4 ኢንች፣ ከ3 ሜትር ያልበለጠ፣ ውስጡ ጥምዝ ሽቦ ያለው ይሁን። ተራ የአትክልት ጎማ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና ሲሳብ ይጣበቃል።

መልስ 2፦
ከላይ ባለው ላይ ስለ አየር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የማያንጠባጥብ መጋጠሚያ ሁሉ አየር አያስገባም ማለት አይደለም። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን፣ ጎማው ላይ ፋሸታ (ጎማውን የሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) ይሁን። ሲነቀል ራሱን የሚዘጋ ፈጣን ማያያዣ ካለ ያውጡት፣ መተላለፊያውን ያጠባል።

ከመነሳቱ በፊት የመርጫውን ዘንግ ይንቀሉ፣ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፣ ማሽኑ እንደጠፋ መያዣውን ተጭነው ይጠብቁ። አረፋ የሌለው ውሃ መውረድ ሲጀምር ብቻ ያስነሱት፤ ዘንጉን የሚመልሱት ማሽኑን አጥፍተው ነው።

የሮቶ ሥር አሸዋና ዝቃጭ ይይዛል። መውጫውን ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ማሽኑ መግቢያ ላይ የሚታጠብ ፊልተር ይኑር።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሮቶውን ከፍ ማድረግ ባይቻልስ?

መልስ 1፦
ያኔ በሮቶውና በማሽኑ መካከል የግማሽ ፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕ ይግባ፣ ሮቶው ሲያልቅ ደርቆ እንዳይሠራ ራሱን የሚያጠፋ ዓይነት። የሚያስገባውን ግፊት ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የመግቢያ ግፊት ጋር ያስተያዩ።

በየትኛውም አገጣጠም ልኩን በ20 ሊትር ጀሪካን ይፈትሹ። ሮቶው ግማሽ ሲደርስ የጎማውን ጫፍ በማሽኑ መግቢያ ቁመት ይዘው ይሙሉት። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፣ ለእርስዎ ማሽን ይበቃል። ከ3 ደቂቃ ካለፈ መጀመሪያ ፊልተሩን፣ ቀጥሎ ቫልቩን ይመልከቱ። ሙሉ ሮቶ ያለማቋረጥ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ያሠራል።

መልስ 2፦
ጥቁር ሮቶ ከሆነ ጥላ ይሥሩለት። የሞቀ ውሃ ቶሎ አረፋ ስለሚያወጣ ድምፁ ይመለሳል፤ ለቤት የሚሠሩ አብዛኞቹ ማሽኖችም ከ40 ዲግሪ በላይ ውሃ አይፈቅዱም።