"ኩኒጉንደ" የሚለውን ስም የምታውቁ? ለልጃችን ልናወጣው እያሰብን ነው

ሀና ዘኑርንበርግ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጀርመን የምትኖሩ ወይም ስለ ጥንት የጀርመን ስሞች የምታውቁ ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሴት ልጅ እየጠበቅን ነው። ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፤ የእናቱ ትውልድ ባምበርግ አካባቢ ነው። አማቴ የሟች እናታቸውን ስም ለልጅቷ ብናወጣላት እንደሚወዱ ነገሩን። ስሙ ኩኒጉንደ ነው። ባለቤቴ "ይሄ እኮ የተረት ስም ነው፣ ልጆች ይስቁባታል" ይላል። እኔ ግን አማቴን እወዳቸዋለሁ። ጀርመንኛ ሳልችል ከሐኪም ቤት እስከ ማዘጋጃ ቤት እጄን ይዘው ያዞሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ስሙን ሳላውቀው አይሆንም ማለት ከበደኝ።

ትርጉሙ ምንድን ነው? ማን ነበረች የመጀመሪያዋ? ዛሬ እንዲህ የምትባል ሕፃን አለች? መዝጋቢዎቹስ ይቀበሉታል? አንድ ሌላም ነገር አለ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ጉንዳን ነው ያልሽኝ?" አለችኝ። እሱም ያሳስበኛል።

መስፍን ባምበርግ

ሀና እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ በሰላም ያገላግልሽ። የምኖረው ስሙን ያስታወቀችው ንግሥት በተቀበረችበት ከተማ ነው። ስሟን በየቀኑ ነው የምሰማው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሚኝ።

ስሙ ሁለት የጥንት ጀርመንኛ ቃላት የተጋጠሙበት ነው። "ኩኒ" ዘር፣ ወገን፣ ቤተሰብ ማለት ነው። "ጉንድ" ደግሞ ውጊያ ነው። ብዙዎች "ለወገኗ የምትዋጋ" ብለው ይፈቱታል። ደስ የሚል ፍቺ ነው፤ ግን ብዙ አትደገፊበት። የዚያን ዘመን ሰዎች የተከበሩ ቃላትን እየመረጡ ያጋጥሙ ነበር እንጂ ስሙ አንድ ሐሳብ እንዲናገር ግድ አይላቸውም ነበር። ሂልደጉንድ የምትባል ሴት ብትወስጂ "ሂልድ"ም ውጊያ ነው፣ "ጉንድ"ም ውጊያ ነው። ጉንተር፣ ራደጉንደ፣ አደልጉንደ በሚሉት ስሞች ውስጥም ያው "ጉንድ" አለ። ቤተሰቦች አንዱን ቃል ከአያት ወይም ከእናት ወስደው በሌላ ቃል ላይ ይቀጥሉት ነበር። ዝምድና የሚታወቀው በዚህም ነበር። አማትሽ የጠየቁሽ ነገር እንግዲህ የድሮ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል።

ስሙን ያገነነችው የሉክሰምበርጓ ኩኒጉንደ ናት። ባሏ የጀርመኑ ንጉሥ ሃይንሪሽ 2ኛ ነው። በ1002 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓደርቦርን ላይ ንግሥት ሆና ዘውድ ጫነች፤ በ1014 ደግሞ ሮም ውስጥ ከባሏ ጋር የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ተቀበለች። ባምበርግ ባሏ የሰጣት የጋብቻ ስጦታ ነበረች። በ1007 ሁለቱ ሆነው ከተማዋን የጳጳስ መንበር አደረጓት። ልጅ አልነበራቸውም። ሃይንሪሽ በ1024 ሲሞት ቀጣዩ ንጉሥ እስኪመረጥ ድረስ አገሩን የያዘችው እሷ ናት። ከዚያ የዘውዱን ዕቃዎች ለተመረጠው ንጉሥ ለኮንራድ 2ኛ አስረከበችና ካሰል አጠገብ ካውፉንገን ላይ ራሷ ወዳቋቋመችው ገዳም ገባች። ሥልጣን በእጇ ላይ ሳለ ያለ ግርግር ያስረከበች ሴት ናት። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብርላት ይህን ነው።

በ1200 ጳጳስ ኢኖሰንት 3ኛ ቅድስት ብለው አወጁ። ባሏ ቀደም ብሎ በ1146 ቅዱስ ተብሎ ነበር። መታሰቢያዋ ማርች 3 ነው። መቃብራቸው እዚህ ካቴድራሉ ውስጥ ነው። ቲልማን ሪመንሽናይደር የተባለው ታላቅ ቀራጺ ከ1499 እስከ 1513 የሠራው ነው። በጎኑ ላይ አፈ ታሪኮቿ ተቀርጸዋል። በአንዱ በባሏ ላይ ወስልተሻል ተብላ ተከሳ በጋለ ማረሻ ላይ በባዶ እግሯ ትራመዳለች፤ እግሯ አልተቃጠለም። በሌላው ለቤተ ክርስቲያን ግንበኞች ደመወዝ ትከፍላለች። ሳንቲሙን በሳህን ታቀርብላቸዋለች፤ እያንዳንዱ የድካሙን ያህል ብቻ ነው ማንሳት የሚችለው። አፈ ታሪክ ነው። ግን አንድ ሕዝብ ስለ አንዲት ገዢ ምን ማስታወስ እንደፈለገ ያሳያል፤ ደመወዝ የማትነፍግ ብሎ ነው ያስታወሳት!

እዚያው አንቺ ያለሽበት ኑርንበርግም ምሽጉ ግቢ ውስጥ እሷ ተከለችው እየተባለ በስሟ የሚጠራ የሊንደን ዛፍ ታሪክ አለ። አማትሽን ጠይቂያቸው፤ ሳያውቁት አይቀሩም።

ስለዚህ ባለቤትሽ "የተረት ስም" ሲል ልክ አይደለም። የንግሥት ስም ነው።

ቤቲ ከሙኒክ

ጋሽ መስፍን እጅዎ ይባረክ። እኔ ደግሞ ከሥራዬ አንጻር ልናገር። ሙአለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው፤ የልጆቹ ስም ካፖርት በሚሰቅሉበት ማንጠልጠያ ላይ ተጽፏል። ኤማ፣ ኢዳ፣ ፍሪዳ፣ ማቲልዳ፣ ኤሚል፣ አንቶን። ሁሉም የቅድመ አያት ስሞች ናቸው። ስትገቢ የድሮ ሰዎች መጦሪያ የገባሽ ይመስልሻል። የድሮ ስም እዚህ አገር ተመልሶ ፋሽን ሆኗል።

ኩኒጉንደ የምትባል ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። ሰምቼም አላውቅም።

ለምን እንደሆነ አስቤበታለሁ። ትርጉሙ አይመስለኝም። ማቲልዳ እኮ "ኃይል"ና "ውጊያ" ነው፤ ግን ሁሉም ይወደዋል። ነገሩ ድምፁ ነው። የተመለሱት ስሞች አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ጫፋቸው "አ" ነው፤ ስትጠሪያቸው ለስለስ ይላሉ። ኩኒጉንደ ላይ "ኡ" ሁለቴ ይመጣል፤ መሐል ላይ "ጉን" ብሎ ይመታል። ሂልደጋርድ፣ ኢርምጋርድ፣ ዋልትራውድም እስካሁን አልተመለሱም። የ"ጉንድ"ና የ"ትራውድ" ወገን ገና ተራው አልደረሰም።

ስለ መሳለቅ የጠየቅሽውን በግልጽ ልንገርሽ። የሦስት ዓመት ልጅ በስም አይስቅም፤ ለእሱ ሁሉም ስም አዲስ ነው። የሚስቁት ወላጆቹ ናቸው፤ ልጆቹም ከእነሱ ይሰማሉ። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን ሊያስቸግራት ይችላል። "ጉንዳን" ያልሽውን ደግሞ ተይው። የሚሰማው እኛ ቤት ብቻ ነው፤ እናትሽም ልጅቷን ካቀፉ በኋላ በሚወዱት ስም ይጠሯታል።

መስፍን ባምበርግ

ቤቲ ስለ ድምፁ ያልሽው ትክክል ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ደራሲዎችም ጎድተውታል። ፈረንሳዊው ቮልቴር በ1759 ባሳተመው ካንዲድ በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ጀግናው ዓለምን እየዞረ የሚፈልጋት ወጣት ኩኔጎንድ ናት፤ መጨረሻ ላይ ሲያገኛት ውበቷ ጠፍቷል። ጀርመናዊው ገጣሚ ሺለር በ1797 በጻፈው ጓንቲው በተባለ ግጥም ውስጥ ኩኒጉንድ የምትባል ወይዘሮ ጓንቲዋን በአንበሳና በነብር መሐል ትጥላለች፤ የሚወዳት ፈረሰኛ ገብቶ እንዲያመጣላት። አምጥቶ ፊቷ ላይ ይወረውርላታል። የጀርመን ተማሪ ትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ ይህን ግጥም በቃሉ አጥንቷል። ኩኒጉንደ ሲባል ብዙ ሰው ፊት ላይ የሚመጣው የኩሩ ወይዘሮ መልክ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የባምበርጓ ሴት ግን ከዚህ ጋር ምንም የላትም። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

እዚህ ባምበርግ ባለችበት የፍራንከን አካባቢ ስሙ ከሌላው አገር ይልቅ የቆየው በቅድስቷ ምክንያት ነው። የድሮ የገጠር ሰዎች ዘንድ "ኩኒ" ወይም "ጉንዳ" ተብሎ ይጠራል። የአማትሽ እናት ከዚያ ትውልድ መሆናቸው ነው።

ወለላ ክራኮቭ

እኔ ፖላንድ ነው ያለሁት፤ እዚህ ይህ ስም በሕይወት አለ! ብቻ አጥረውት "ኪንጋ" ይሉታል። የሥራ ባልደረባዬ ኪንጋ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅም ኪንጋ ናት። ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ተራ ስም ነው። ሀንጋሪም እንዲሁ።

ያመጣችው የሀንጋሪው ንጉሥ የቤላ 4ኛ ልጅ ናት። በ1224 ተወለደች፤ የክራኮቩን መስፍን ቦሌስዋፍን አገባች። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። አባቷ ጥሎሽ ምን ልስጥሽ ሲላት ጨው አለችው። ቀለበቷን ሀንጋሪ ውስጥ የጨው ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ፖላንድ ደርሳ ቆፍሩ ስትል ከመጀመሪያው የጨው ድንጋይ ውስጥ ያው ቀለበት ወጣ። ዛሬ ቪየሊችካ የጨው ማዕድን ውስጥ፣ መሬት ስር 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ በስሟ የተሠራ ቤተ ጸሎት አለ። ጌጡ ሁሉ ከጨው የተፈለፈለ ነው፤ መብራቱ ላይ የተንጠለጠለው ክሪስታል እንኳን ጨው ነው። ባሏ ሲሞት ስታሪ ሶንች ገዳም ገባች፣ በ1292 አረፈች። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1999 ቅድስት ያሏት እዚያው ስታሪ ሶንች መጥተው ነው።

ሀና፣ ኪንጋ በአማርኛም ይመቻል። ስሙ ያው ነው፤ አማትሽም አይከፋቸውም።

ካሌብ ኤፍ

ስለ ምዝገባው ባጭሩ። ልደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መነገር አለበት፤ ስሙን ካልወሰናችሁ አንድ ወር ጊዜ አላችሁ። መዝጋቢው የሚከለክለው ልጁን የሚጎዳ ስም ሲሆን ነው። ኩኒጉንደ የታወቀ ስም ስለሆነ ችግር የለውም። ኪንጋ ላይ ጥያቄ ካነሱ ቪስባደን ያለው የጀርመን ቋንቋ ማኅበር ማረጋገጫ ይጽፋል፤ በክፍያ ነው።

ሁለተኛ ስም ማድረግም ትችላላችሁ። ብዙ ጀርመናዊ የአያቱን ስም የሚሸከመው ሁለተኛ ቦታ ላይ ነው።

ሀና ዘኑርንበርግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ መስፍን፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ተርጉሜ አነበብኩለት። የማረሻውን ታሪክ ያውቀዋል፤ የሳንቲሙን ግን ሰምቶት አያውቅም። እሱ ስሙን ያወቀው በሺለር ግጥም ነው፤ እርስዎ እንዳሉት።

አማቴን ስለ እናታቸው ጠየቅኳቸው። ቤት ውስጥ "ኩኒ" ነበር የሚባሉት። ባላቸው ከጦርነት አልተመለሱም፤ ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። "ለወገኗ የምትዋጋ" የሚለውን ስነግራቸው አማቴ "እማማ እንዲያ ነበረች" አሉ። ከዚያ በኋላ ስሙን መተው አልቻልኩም።

ኩኒጉንደን ሁለተኛ ስም ልናደርገው ተስማማን። ለመጀመሪያው ባለቤቴ ኢዳ ይላል፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም አያቶች በቀላሉ የሚጠሩት ይሁን እንጂ ሌላ ምርጫ የለኝም። ወለላ፣ ኪንጋንም ወድጄዋለሁ፤ ግን አማቴ የእናታቸውን ስም በሙሉ መስማት ይፈልጋሉ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ልጅቷ ስታድግ ኩኒጉንደን ብትመርጥስ? መለወጥ ትችላለች?

ቤቲ ከሙኒክ

ኢዳ ኩኒጉንደ! አጭር ስም ከፊት ሲሆን ረጅሙ ያምርበታል። እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ።

ካሌብ ኤፍ

ትችላለች። ከ2018 ወዲህ የስሞቹን ቅደም ተከተል በማመልከቻ ማዘዋወር ይፈቀዳል፤ ፍርድ ቤት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ስታስመዘግቡ በሁለቱ ስሞች መሐል ሰረዝ አታስገቡ። በሰረዝ ከተያያዙ እንደ አንድ ስም ይቆጠራሉ፤ ያኔ ማዘዋወሩ አይሠራላትም፤ በየፎርሙም ሁለቱንም አብራ መጻፍ ይኖርባታል።