ክርክር፦ «ሙዚየም ውስጥ አይተኛም» ላለችው እህታችን

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት ማታ «ሰላም ከሲኤምሲ» የለጠፈችውን ላላነበባችሁ ባጭሩ፣ ድሬ ለሰርግ መጥታ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የድሮ ሆቴል አልጋ ይዛ ነበር (ስሙን አድሚን አጥፍቶታል፣ ደግ አደረገ፣ እኔም አልጠራውም)። ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አደረ፣ ሻወሩ ይንጠባጠባል፣ አልጋ ስር ያለው ነጠላ ጫማ ሁለቱም የግራ ነው፣ ቁልፉ ላይ የታሰረው እንጨት ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ እንግዳ ተቀባዩ «አንቺ» አለኝ፣ ምናምን ምናምን ብላ ዘርዝራ መጨረሻ ላይ «ሙዚየም ውስጥ አይተኛም፣ መንግስት ይዝጋው» ብላ ፈረደች። ጫማውን አምናለሁ፣ ድሬ ውስጥ የቀኝ ነጠላ ጫማ የት እንደሚገባ እኔም አላውቅም። «ይዝጋው» ያለችው ግን አንገበገበኝ። አንድ ሌሊት አድራ የሰው እንጀራ ትዘጋለች እንዴ?

ሰላም ከሲኤምሲ፦ አለሁ እዚሁ፣ በጀርባዬ ማውራት አያስፈልግም። አዎ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። በነጻ አላደርኩም፣ ከፍዬ ነው። ሻወር አልሰራ ሲለኝ ዘበኛው ባልዲ ይዞ መጣ። ባልዲ! በሂል ጫማና በሰርግ ልብስ ባልዲ!

የከዚራ ልጅ፦ ባልዲው ምን አደረገሽ? ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ በባልዲና በጆግ ነው ታጥቦ የወጣው፣ ሰርግሽ ላይ የጨፈሩት ሁሉ በባልዲ ታጥበው ነው የመጡት፣ ሸተቱሽ?

ኢንጂነር በምናብ፦ ስለ ሻወሩ ግን ፍትህ ይኑር። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት ነው፣ ውሃ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት፣ ነጭ ቅርፊት ሰርቷል። ያው ቅርፊት ቱቦ ውስጥ እየተጋገረ ቀዳዳውን ያጠበዋል። ትናንት የተመረቀ ባለ አራት ኮከብም ቢሆን የሻወሩን ጭንቅላት በየጊዜው እየፈታ አቼቶ ውስጥ ካልዘፈዘፈው መንጠባጠቡ አይቀርለትም። የሆቴሉ እድሜ አይደለም ጥፋቱ።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ አመሰግናለሁ ኢንጂነር፣ መልሱን ራስህ ሰጠኸኝ። አቼቶ ስንት ብር ነው? አንድ ጠርሙስ አቼቶ የማይገዛ ሆቴል ነው በቅርስ ስም የምትከላከሉት።

ኢንጂነር በምናብ፦ እ... እሱስ ልክ ነሽ። ውሃውን ነው እንጂ ባለቤቱን አልተከላከልኩም እኮ።

የከዚራ ልጅ፦ ኢንጂነር አንተ ከማን ወገን ነህ?

ጋሽ ቁልፍ፦ ልጆቼ ደህና አመሻችሁ። በደርግ ጊዜ የመንግስት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሰርቻለሁ፣ ስለ ቁልፉ ልናገር። ያ እንጨት ሆን ተብሎ ነው የተንጠለጠለው፣ እንግዳው ኪሱ እንዳይከተው። ባቡር አመለጠኝ ብሎ እየሮጠ የሚወጣ ሰው ቁልፉን ይዞት ጅቡቲ ይገባ ነበር፣ ማን ሄዶ ያመጣል? ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ አልገባ ካለሽ ልጄ፣ ስራውን ሰርቷል ማለት ነው።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ ጋሼ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ባቡሩ እኮ አሁን ከዚያ አይነሳም። እንጨቱ ማንን ነው የሚጠብቀው?

የከዚራ ልጅ፦ ይሄ ቃል ለድሬ ሰው ስድብ ነው፣ አውቀሽ ከሆነ።

አስጎብኚው፦ አይ ስድብ አይደለም፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ ወደ ሀረር ተራራውን መውጣት ስላልተቻለ ነው ሜዳው ላይ ከተማ የበቀለው፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ነው፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት የሀዲዱ መጨረሻ ድሬ ነበረች። እነዚያ ሆቴሎች ከለገሀር በእግር ለሚደርስ፣ አቧራ ለለበሰ፣ ነገ ጉዞውን ለሚቀጥል ሰው የተሰሩ ናቸው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጪ ነው፣ ከዚያ በባጃጅ ወይ በሚኒባስ የሚመጣ ሰው ከዚራ ላይ ለምን ይወርዳል? ደንበኛው ሲሄድ ገንዘቡም ሄደ፣ ገንዘብ ሲሄድ የቀኝ ጫማም አብሮ ይሄዳል ሃሃሃ።

ሀረር ጌ፦ እኔ «ሙዚየም ውስጥ አይተኛም» የምትለዋ ላይ ነኝ ገና። ጀጎል ከ1998 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ እኛ ውስጡ ተወልደን ውስጡ ነው የምንተኛው። የአደሬ ቤት ጌስት ሀውስ ግቢ፣ ጫማሽን በር ላይ ታወልቂያለሽ፣ ነደባው (መደቡ) ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሯል፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳህንና ስፌት ነው፣ ፈረንጁ አንገቱን ቀና አድርጎ እያየ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ይሄ ሙዚየም ካልሆነ ሙዚየም ምንድነው? ይተኛበታል፣ ከፍሎ!

ሰላም ከሲኤምሲ፦ አድሬበታለሁ የአደሬ ቤት፣ ወርቅ ነው። ለምን መሰለህ? ባለቤትየዋ ጠዋት ማታ ትጠርገዋለች፣ አንሶላው የጸሃይ ሽታ አለው። የድሮ ቤት ጠላት አይደለሁም፣ «የድሮ ነው» እያሉ የማያጸዱ ሰዎች ጠላት ነኝ። አሁን ገባችሁ?

ሀረር ጌ፦ እንግዲያው «አይተኛም» ሳይሆን «ይጠረግ» ነበር ማለት የነበረብሽ።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ ትናንት ባልዲ ይዤ ስለነበር ቃል የመምረጫ ጊዜ አልነበረኝም።

የከዚራ ልጅ፦ ተመልከቱ፣ እያፈገፈገች ነው። ታዲያ «ይዝጋው»ንስ?

ሰላም ከሲኤምሲ፦ እሱ ይቆያል።

ቢጫ ካርድ ከሜሪላንድ፦ እኔ ደግሞ ሌላ ቁስል ልንካ። አምና አንድ ከተማ (አልናገርም) የድሮ ሆቴል ገብቼ በአማርኛ «አልጋ አለ?» አልኩ፣ ልጁ ከላይ እስከ ታች አይቶ በዶላር ነገረኝ። በአማርኛ ጠይቄው! ቢጫ ካርዴን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን፣ ሳሳየው «እሱ ለቦሌ ነው» አለኝ። ቬንትሌተሩ ለእኔና ለሀገሬው እኩል ነው የሚዞረው፣ ዋጋው ለምን ይለያያል?

አስጎብኚው፦ ቢጫ ካርድ ያለው እንደ ሀገሬው ነው የሚከፍለው ወንድሜ፣ መከራከር ነበረብህ።

ቢጫ ካርድ ከሜሪላንድ፦ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሻንጣ ይዤ ከማን ጋር ነው የምከራከረው?

የከዚራ ልጅ፦ ዶላር ያለው ሰው ዶላር ቢከፍል ምን ይለዋል፣ በዚያ ብር እኮ ነው ሻወሩ የሚሰራው።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ ሻወሩ አልተሰራም። እዚህ ነው ክርክራችን የጀመረው፣ አስታውስ።

አስጎብኚው፦ ዶላሩን ተዉት፣ እኔ እንግዳ ይዤ ስዞር የማየውን ልንገራችሁ። ፈረንጅ በጀት ትራቭለር አዲስ አበባ ሲገባ ጣይቱ ሆቴልን ጠይቆ ነው የሚመጣው፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል፣ እቴጌ ያሰሩት፣ የእንጨቱ ደረጃ ሲረገጥ ድምጽ የሚያሰማው። ድምጹን ቪዲዮ የሚቀርጽ አይቻለሁ። አንቺ የምትሸሺውን ነገር እሱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይፈልገዋል።

ነገረ ፈጅ፦ ከ1898 ጀምሮ አዎ።

አስጎብኚው፦ በማን አቆጣጠር 1898?

ነገረ ፈጅ፦ በኛ ነዋ።

ሀረር ጌ፦ በፈረንጅ 1898 የሚሉም አሉ፣ በፈረንጅ 1907 ነው የተከፈተው ብለው የሚጽፉም አሉ።

ነገረ ፈጅ፦ የእኔ አያት ፒያሳ ነው የኖሩት፣ ለእኔ ስለ ጣይቱ አትንገረኝ።

ሀረር ጌ፦ አያትህ ሲከፈት ሪባን ቆርጠዋል?

ኢንጂነር በምናብ፦ ቀኑን ተዉትና ጥር 2007ን አስታውሱ። ጣይቱ ላይ እሳት ተነስቶ ጃዛምባን የመሰለ የጃዝ ቤት አመድ ሆነ፣ የዋናው ህንጻም ክፍል ተጎዳ። የእንጨት ወለል፣ የእንጨት ደረጃ፣ የድሮ ገመድ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ዛሬ ሁሉም እንግዳ ቻርጀር፣ ፈረሱላ የሚያህል ማሞቂያ፣ ካውያ ይሰካበታል። እኔ የሚያስፈራኝ ነጠላ ጫማው አይደለም። የድሮ ሆቴል ሲባል መጀመሪያ የማየው ማብሪያ ማጥፊያውንና ሁለተኛ መውጫ በር መኖሩን ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ሻማና ክብሪት ተቀምጦ ታገኛላችሁ፣ ከመጋረጃው ስር።

የከዚራ ልጅ፦ ሻማውን አትንካብኝ፣ ሻማው መስተንግዶ ነው። ከሻማው አጠገብ ምን እንደሚቀመጥም ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ጋሽ ቁልፍ፦ እሱን የጤና ጥበቃ ነው ያስጀመረው ልጄ፣ ጨዋ ሁን።

የከዚራ ልጅ፦ ምንም አላልኩም እኮ ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማለቴ ነበር ኪኪኪ። ለማንኛውም ኢንጂነር፣ የድሮ ግድግዳ ውፍረቱን አይተሃል? ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ዙሪያውን ጥላ የሆነ፣ መስኮቱ ሸራ መዝጊያ ያለው፣ እነዚያ ሰዎች ኤሲ ሳይኖር ነው ለድሬ ሙቀት የሰሩት። አሁን ፊት ለፊቱ የቆመው መስታወት ፎቅ መብራት ሲሄድ ምጣድ ነው፣ እንግዳው በር ላይ ወንበር አውጥቶ ያድራል። አፍርሰን እሱን እንተካ ነው የምትሉን?

ነገረ ፈጅ፦ ማንም አፍርሱ አላለም።

የከዚራ ልጅ፦ መጀመሪያ «ይዘጋ» ይባላል፣ ከዛ «ለአካባቢው ገጽታ» ይባላል፣ ከዛ ግሬደር ይመጣል። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ማን ምን እንዳለ ረስታችኋል? አንድ ሰሞን «አሮጌ ነው፣ ቆሻሻ ነው» ስንል ከርመን አንድ ጠዋት ስንነሳ የለም፣ ከዛ ሁላችን የድሮ ፎቶ እየለጠፍን አለቀስን። ሰላም፣ አንቺም ለጥፈሻል፣ ስክሪንሾት አለኝ።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ ለጥፌያለሁ፣ እናቴ ያደገችበት ነው። ያንን ሰፈርና የማይታጠብ አንሶላን አንድ ላይ አትፍጭብኝ እባክህ።

ነገረ ፈጅ፦ አዋጅ 209/1992 አለ፣ ቅርስ ጥናትና ጥበቃ። ቤቱ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ባለቤቱ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አያፈርስም፣ መስኮት አይቀይርም። «አድሱት» ማለት በአፍ ቀላል ነው፣ ባለቤቱ ግን በአንድ በኩል አትንካ፣ በሌላ በኩል ደረጃህን አሻሽል እየተባለ መሃል ላይ ነው።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ አንሶላ ለማጠብ የቅርስ ባለስልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል?

ነገረ ፈጅ፦ ...

ሀረር ጌ፦ ነገረ ፈጅ ተፈጀ።

ነጋዴዋ፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ ሳነብ ነበር፣ አንድ ሰው የእኔን አልጠየቀም። እኔ በወር ብዙ ጊዜ ድሬ እወርዳለሁ፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ እቃ አነሳለሁ፣ እንደዚያ ያለ ሆቴል ነው የማድረው። ማን ያድርበታል መሰላችሁ? ፈረንጅ አይደለም፣ የሰርግ እንግዳም አይደለም። ድል ጮራ ሆስፒታል በሽተኛ አስተኝቶ ለሳምንት የሚጠብቅ ከገጠር የመጣ አባት ነው፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለባት ሴት ናት፣ ሹፌር ነው፣ እኔ ነኝ። ጓሮ ያሉት፣ ሽንት ቤታቸው የጋራ የሆነ ክፍሎች ለኛ ናቸው። ባለቤቱ አንዳንዴ «ቅዳሜ ስትመለሺ ትከፍያለሽ» ይላል፣ ይሄን የትኛው ኮከብ ይሰጣል? በ2007 ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግስታት የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆቴሎችን ኮከብ ሲሰጥ በዱቤ ማሳደርን የሚያይ ነጥብ ነበረው? ይታደስ ስትሉ ደስ ይለኛል፣ እኔም ሙቅ ውሃ አልጠላም። ግን የታደሰ ሆቴል ሁሉ ያየሁት አንድ ነገር ነው፣ ቀለም ይቀባል፣ ፍላት ስክሪን ይሰቀላል፣ አልጋው እጥፍ ይሆናል፣ ጓሮው ፓርኪንግ ይሆናል። እና እኛ የት እንደር? መናኸሪያ?

የከዚራ ልጅ፦ ካፌ ነጠቅሽኝ እህቴ፣ ይሄን ነበር ልል የፈለግኩት።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ አንተ ስለ ቬንትሌተር ነበር የምታወራው፣ አሁን የሷን ንግግር አትውሰድ። ነጋዴዋ፣ ያልሽው ከብዶኛል፣ እውነት። ግን ተመልሼ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ያ በሽተኛ የሚጠብቅ አባት ደሃ ስለሆነ ትኋን ይገባዋል? ሁሉም ሰው «ርካሽ ነው እኮ» ሲል ለኔ የሚሰማኝ «ለእነሱ ይበቃቸዋል» ነው።

ነጋዴዋ፦ አይገባውም። ግን ትኋኑን ፍሊት ነፍቶ ማጥፋት ይቻላል፣ የተዘጋ ሆቴል ግን አልጋ የለውም። አንቺ ብትናደጂ ሌላ ሆቴል አለሽ።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ እሱ ደግሞ ለእኔ ጥፋት ሆነ? ከፍሎ መናደድ የሃብታም መብት ብቻ ነው?

ቢጫ ካርድ ከሜሪላንድ፦ በዶላር የከፈለ ደግሞ እጥፍ የመናደድ መብት አለው።

የከዚራ ልጅ፦ አንተ ገና ዶላሩ ላይ ነህ?

ጋሽ ቁልፍ፦ በኛ ጊዜ ጠዋት ጠዋት አንሶላ በባለሙያ ይቆጠር ነበር፣ ቆጥራ የምታስረክብ ኃላፊ ነበረች፣ አንድ ከጎደለ ከደሞዝ ይቆረጥ ነበር። ቤቱ ያኔም ያረጀ ነበር። የጎደለው ቆጣሪው ነው።

ነገረ ፈጅ፦ ጋሼ በደርግ ጊዜ ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ሊሉን ነው?

ጋሽ ቁልፍ፦ አንሶላ ነው ያልኩት ልጄ፣ ስለ ደርግ ሌላ ቀን ና።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ «አንቺ» ስላለኝ ልጅስ ማንም አልመለሰልኝም። የማላውቀው ልጅ፣ በሃያ ዓመት የምበልጠው፣ «ነይ አንቺ ቁልፍሽን እንኪ»።

የከዚራ ልጅ፦ ሃሃሃ እሱ ድሬ ነው! እኛ ጋ ከንቲባም አንተ ነው፣ ቄሱም አንተ ነው፣ ሼኩም አንተ ነው። «እርስዎ» ካለሽ ተቀይሞሻል ወይ ሊያታልልሽ ነው።

ሀረር ጌ፦ እዚህ ላይ እንኳን ከድሬ ጋር ነኝ፣ እግዜር ይየኝ።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ እናንተ ሁለታችሁ በአንድ ነገር ተስማማችሁ? ሆቴሉ ይዘጋ ያልኩት ሌላ ጥቅም አመጣ ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለዚህ ግሩፕ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለስራ ድሬ እሄዳለሁ፣ የምታወሩት ሆቴል አልጋው ስንት ነው?

የከዚራ ልጅ፦ ኢንቦክስ።

ሰላም ከሲኤምሲ፦ «ኢንቦክስ»? ቅርስ ነው ያልከን ሆቴል ደላላ ነህ እንዴ?

ነጋዴዋ፦ የጓሮውን ጠይቅ፣ የፊት ለፊቱን አትያዝ። ነጠላ ጫማ ይዘህ ሂድ።

ቢጫ ካርድ ከሜሪላንድ፦ በብር ነው ወይስ በዶላር?