ቶረንቴ 0 ፒር (የተገናኘ ኮምፒውተር) ላይ ቆሟል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ አቃተኝ።

አባቴ በሕይወት ሳለ የቀረፅኳቸው 84 ጊጋባይት ቪዲዮዎች አሉኝ። ሌላ አገር ላለችው እህቴ ማድረስ እፈልጋለሁ። ነፃ የቶረንት ፕሮግራም መረጥኩ። ፋይሉን ቆራርጦ ይልካል፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ መለያ) ያረጋግጣል፣ መስመር ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ለሚቆራረጥ ኢንተርኔት ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ቶረንቱን ሠርቼ ማግኔት ሊንኩን (ቶረንቱን የሚያስገኘውን አጭር አድራሻ) ላኩላት። ያለ ትራከር (ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝ ሰርቨር)፣ በዲኤችቲ (ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ የሚፈላለጉበት መንገድ) እንድንገናኝ ብዬ ዲኤችቲን የሚዘጋውን «ፕራይቬት» የሚለውን ምርጫ አልነካሁም። እሷ ጋ «ሜታዳታ በማውረድ ላይ» ብሎ ቀረ፤ የፋይሎቹ ዝርዝር እንኳ አልደረሳትም። እኔ ጋ 0 ፒር።

ፋየርዎሉ ላይ ፕሮግራሙን ፈቀድኩ። ራውተሩ ላይ ፕሮግራሙ ግንኙነት የሚቀበልበትን ፖርት 6881ን ከፈትኩ፣ ዩፒኤንፒም (ፕሮግራሞች ፖርት በራሳቸው እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደው) በርቷል። ፖርቱ ግን አሁንም ዝግ ነው። ኋላ ላይ ሳየው የራውተሩ የውጭ አይፒ በ100.72 ይጀምራል። ይህ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል ውስጥ ነው። አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ የሕዝብ አድራሻ ሲያስወጡ የሚጠቀሙበት ማለት ነው። ታዲያ እኔ ራውተሬ ላይ ብከፍት ምን ዋጋ አለው? የእህቴም እንደዚሁ ሆኖ ተገኘ።

ሁለታችንም አይፒቪ6 (አድራሻ መጋራት የማያስፈልገውን አዲሱን የአይፒ ዓይነት) ብናበራ ይፈታል? ወይስ ፖርቱ ክፍት የሆነ ሦስተኛ ኮምፒውተር መሃል ላይ ሲድ ማድረግ (ሙሉ ፋይሉን ይዞ ማካፈል) አለበት? እንዲያ ከሆነ ቪዲዮዎቹን መጀመሪያ በይለፍ ቃል መቆለፍ እፈልጋለሁ፤ የቤተሰብ ነገር ነውና ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈልግም። 84 ጊጋውን በአንድ ላይ ልቆልፍ ወይስ እያንዳንዱን ቪዲዮ ለየብቻ? ይህን የሞከረ ካለ ደረጃ በደረጃ ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።