የሞት ቅጣትን የሚቃወም የበጎ ፈቃድ ቡድን በሟች ቤተሰብ ፊት እንዴት ይቁም?

ጥያቄ (የቡድን አስተባባሪ፣ አዳማ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣

አዳማ ውስጥ የሞት ቅጣት ከአገራችን ሕግ እንዲወጣ የሚቀሰቅስ አነስተኛ የበጎ ፈቃድ ቡድን አስተባብራለሁ። አባላቱ መምህራን፣ የሕግ ተማሪዎች፣ አንዲት ነርስና አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ አባላችን ቤት እየተሰበሰብን እንወያያለን፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በራሪ ወረቀት እናዘጋጃለን። ሰው ሲሞግተን በአብዛኛው የምናነሣው የሌሎች አፍሪካ አገሮችን ልምድ ነው። ያን ያህል ሕዝብ ያለቀባት ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2007 የሞት ቅጣትን ካስቀረች፣ ጎረቤታችን ጅቡቲ ከዚያ ቀድማ በ1995፣ ዚምባብዌም በ2024 መጨረሻ ከሕጋቸው ካወጡት፣ እኛ የማንችልበት ምክንያት ምንድን ነው እንላለን።

በቅርቡ ግን በከተማችን በአንድ ወጣት ላይ ዘግናኝ ግድያ ተፈጸመና ይህ ሁሉ ማስረጃ ጆሮ የሚሰጠው አጣ። ተጠርጣሪው ገና ክስ ሳይመሠረትበት “ይሰቀል” የሚለው ድምፅ ከሻይ ቤት እስከ ማኅበራዊ ገጽ ተስተጋባ። የእኛም ስም ተነሣ፤ “የገዳይ ጠበቆች” ተባልን። ከአባሎቻችን የአንዷ እናት ከሟች ቤተሰብ ጋር በአንድ እድር ውስጥ ስለሆኑ፣ ልጃቸው ከቡድኑ እንድትወጣ ለምነዋታል። በቡድኑ ውስጥም ሐሳባችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሾቻችን አቋም የሚለካው ነገር ሲከብድ ነውና አሁኑኑ መግለጫ እናውጣ ይላሉ፤ የቀሩት ድንኳኑ ሳይነሣ ስለ ገዳይ ሕይወት መናገር ጭካኔ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ ስለማምን መወሰን ተቸግሬያለሁ። በተጨማሪም ሕጉን ስንጠቅስ እንዳንሳሳት በትክክል ምን እንደሚል፣ እንዲሁም በሕግ መመዝገብ ይኖርብን እንደሆነ የምታውቁ ብትነግሩን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ከሕጉ ልጀምር፤ ለቀረው ጥያቄዎም መንገድ ያሳያልና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ በሕግ በተወሰነ ከባድ ወንጀል በሚጣል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን እንደማያጣ ይናገራል። ይህም ማለት የሞት ቅጣትን ይፈቅዳል እንጂ አያዝም፤ ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የወንጀል ሕጉን በማሻሻል ሊያስቀረው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 ነው፤ አባሎቻችሁ ሁሉ ደጋግመው ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት የሞት ቅጣት የሚወሰነው ወንጀሉ እጅግ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለየ ሁኔታ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ፣ ድርጊቱ ፍጻሜ ያገኘ ሲሆን፣ አድራጊው በጊዜው 18 ዓመት የሞላው ሲሆንና አንድም የቅጣት ማቅለያ ምክንያት ሳይገኝ ሲቀር ነው። ከተወሰነም በኋላ ርእሰ ብሔሩ ካላጸደቀው አይፈጸምም። በአደባባይ ወይም በስቅላት መፈጸሙ ደግሞ ክልክል ነው። እንግዲህ “ይሰቀል” የሚለው ሰው የሚጠይቀው ይህ ሕግ ራሱ የከለከለውን ነገር ነው፤ ይህን ሳትቆጡና ሳታዋርዱ ብታስረዱት የሚሰማችሁ ሰው አይጠፋም። በአገራችን ተፈጸመ ተብሎ በይፋ የታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የ1999 ዓ.ም. ነው፤ የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን አቶ ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት መኮንን ላይ ነበር። ፍርድ ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም የሞት ፍርድ መስጠታቸውን አላቆሙም።

“ካልተገደለ ነገ ይፈታል” ለሚላችሁ ሰው አታድበስብሱ። የዕድሜ ልክ እስረኛ በአመክሮ ለመፈታት ሊጠይቅ የሚችለው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን ጠባዩ መታረሙ መረጋገጥ፣ ያደረሰውንም ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። የካሳውን ነገር ልብ በሉት፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ምዝገባን በተመለከተ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከወጣ ወዲህ በሰብአዊ መብት ላይ መሥራት ቀደም ሲል በ2001ዱ አዋጅ የነበረበት ገደብ ተነሥቶለታል። ገንዘብ የምታሰባስቡ ወይም በድርጅት ስም ለመንግሥት አካል ደብዳቤ የምትጽፉ ከሆነ ተመዝገቡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስቦ ለመወያየት ግን ምዝገባ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። በፍርድ ሂደት ላይ ባለ ጉዳይ፣ የተጠርጣሪውን ስም ጠርቶ መግለጫ ማውጣትን አልመክርም።

መልስ (ወንድሟን ያጣች)

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ሆኜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ተገድሏል፤ ገዳዩም ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ይገኛል። ፍርዱ ሲነበብ ሞት ባለመሆኑ አልቅሻለሁ፤ ዛሬም ሰውየው ከዚያ እንዲወጣ አልፈልግም። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ሆኖም ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ስለመሰለኝ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በየቀጠሮው እናቴ የወንድሜን ፎቶግራፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ከችሎቱ ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ጉዳዩ ተራዝሟል ሲባል ፎቶግራፉን ሳትፈታው ወደ ቤት እንመለሳለን። ዐቃቤ ሕጉ ያነጋገረን ምስክርነት ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ወንድሜ ሁለት ልጆች ትቷል፤ የትምህርት ቤት ክፍያቸውን፣ የደንብ ልብሳቸውን ማን ይሸፍን ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ከላይ የተጻፈውን የካሳ ነገር የሰማሁት ዛሬ እዚህ ነው። ከሞት ሌላ ልንጠይቀው የምንችለው ነገር እንዳለ የነገረን ስላልነበረ፣ እኛም ሞትን ጠየቅን።

ስለዚህ ለቅሶ ድረሱ፤ ወረቀት ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ስለ አቋማችሁም አንዳች አትናገሩ። አርባው ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ሲመለስና ቤቱ ጭር ሲል ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ያን ጊዜ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ትታወሳላችሁ። ቀጠሮ ሲኖር ከእናትየው ጎን የሚቀመጥ ሰው መድቡ። አደራ የምላችሁ ግን “ይቅር በሉ” እንዳትሉን ነው። ይቅርታ ከእኛ የሚወጣ ነገር ነው፤ ለእናንተ ዘመቻ ማስረጃ እንዲሆን የሚሰበሰብ አይደለም።

መልስ (አረጋዊ፣ ከሞጆ)

ልጄ፣ ጥያቄህን አንብቤ፣ የእህታችንንም መልስ አንብቤ ብዙ አሰብሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።

የእኔ ዕድሜ ሰዎች ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ መረሸናቸውን በማግስቱ በሬዲዮ ሰምተናል። ጥፋት የነበረበትም ያልነበረበትም አንድ ላይ ሄደ፤ በኋላ ማጣራት ቢፈለግ የሚጠየቅ ሰው አልተረፈም። ያንን ያደረጉት የደርግ ሰዎች ደግሞ በተራቸው በፍርድ ቤት ተከሰው ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ፣ የሃይማኖት አባቶች ጠይቀውላቸው በ2003 ዓ.ም. የ23ቱ ቅጣት በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ዘመዶቻቸው የተገደሉባቸው ሰዎች በዚህ እኩል ተደስተዋል አልልም፤ የተቆጡም አሉ። ነገር ግን አገሩ አንድ ጊዜ በደም ካደረገው ነገር ሁለተኛ ጊዜ ራሱን እንደ መለሰ አድርጌ ነው የማየው።

አዳማ ላይ ስትሠሩ ደግሞ በእጃችሁ ያለውን አትርሱ። በእኛ በኦሮሞ ዘንድ ሰው ሲገደል ጉማ አለ። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር በገበያም በውኃ መቅጃም እንዳይገናኝ ይርቃል፤ በሽማግሌ ይለምናል፤ ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በሥርዓቱ ይታረቃሉ። በሙስሊሙም ዘንድ የሟች ወራሾች ካሳ ተቀብለው ወይም ሳይቀበሉ ይቅር ማለት እንደሚችሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ “የሞት ቅጣትን መቃወም ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው” ለሚላችሁ መልሱ ሩቅ አይደለም። ይሁንና ጉማን አታስጊጡት። ካሳውን ጎሳው ተጋግዞ ስለሚከፍል ገዳዩ ራሱ ሳይከብደው የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ለመበለቲቱና ለልጆቹ የሚደርሰውም አንዳንዴ ጥቂት ነው። ሽማግሌ ዘንድ ስትሄዱ ይህን ደፍራችሁ ጠይቁ፤ ማን ተቀበለ፣ ልጆቹስ ምን አገኙ በሉ።

መልስ (የቡድን አስተባባሪ፣ አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ እርስዎ፣ እህቴ፣ ከማንም በላይ መናገር በሚከብድዎት ነገር ላይ ስለመከሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። ምክራችሁን ለአባሎቻችን አንብቤላቸው ተነጋግረናል። በዚህ ጉዳይ ላይ መግለጫ አናወጣም፤ ለቅሶ የምንደርሰውም እንደ ማንኛውም የሰፈር ሰው ነው። ነርሷ አባላችንና ሌላ አንድ ሰው አርባው ካለፈ በኋላ ቤተሰቡ ከፈቀደ በቀጠሮ ቀን አብረው ለመቀመጥ ተስማምተዋል። መግለጫ እናውጣ ይሉ ከነበሩት አንዱ፣ ይህ ዝም ማለት ነው ብሎ አሁንም ቅር ብሎታል፤ ቅሬታውን እረዳለሁ። በራሪ ወረቀቱን የምናሠራጨው ስለ ሕጉ በአጠቃላይ እንጂ ስለ ማንም ጉዳይ እንዳልሆነ ተስማምተንበታል።

የቀረኝ ጥያቄ ለሕግ ባለሙያው ነው። የሟች ቤተሰብ ካሳን በዚያው በወንጀሉ ክስ ላይ መጠየቅ ይችላል ወይ? ጉማ ወይም ሌላ ዕርቅ ከተፈጸመስ በቅጣቱ ላይ ለውጥ ያመጣል?

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ሁለቱም ይቻላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 መሠረት በወንጀሉ የተጎዳ ሰው ወይም መብቱ የሚተላለፍለት ወገን ካሳ እንዲከፈለው ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የወንጀሉን ክስ የሚያጓትት ሆኖ ከታየው ፍርድ ቤቱ በፍትሐ ብሔር እንዲቀርብ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ ሲሆን መብቱ ጠፋ ማለት አይደለምና ቤተሰቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ ንገሩት።

ዕርቁ ክሱን አያስቀርም። ነገር ግን አንቀጽ 86 ፍርድ ቤቱ በሕጉ ካልተዘረዘሩትም ምክንያቶች የተነሣ፣ ምክንያቱን ገልጾ፣ ቅጣት እንዲያቀል ስለሚፈቅድ፣ ፍርድ ቤቶች ዕርቅን በማቅለያነት ሲቀበሉት ይታያል። የሞት ቅጣት የሚወሰነው ደግሞ ምንም ማቅለያ ሳይኖር ሲቀር ብቻ መሆኑን ካስታወሳችሁ፣ የሟች ቤተሰብ በፈቃዱ የተቀበለው አንድ ዕርቅ ከብዙ በራሪ ወረቀት ይልቅ ሞትን እንደሚያስቀር ታያላችሁ። በዚሁ ምክንያት ቡድናችሁ በምንም መንገድ አስታራቂ ሆኖ አይግባ፤ ሽምግልናውን ለሽማግሌዎች ተዉት። እናንተ ቤተሰቡ የካሳ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው እንዲያገኝ እርዱት። በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ሥር የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ስላሉ በዚያ በኩል ጠይቁ፤ የሟች የሞት ማስረጃ፣ የወራሽነት ማረጋገጫና ለቀብር የወጣው ወጪ ደረሰኝ ከአሁኑ ቢሰበሰብ ጥሩ ነው።