የአጎቴን ፓንች ካርዶችና ዲስኬቶች እንዴት ላቆያቸው?

ጣና ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አጎቴ አምና በጥቅምት አረፉ። በ1971 ዓ.ም. ኪየቭ ሄደው ኮምፒውተር ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ። ከመጡ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሩ። ቤታቸው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ በክረምት ግድግዳው ራሱ ይረጥባል። አልጋቸው ሥር ሦስት ካርቶን አገኘሁ።

አንዱ ውስጥ በላስቲክ የታሰሩ ፓንች ካርዶች አሉ፤ ድሮ ፕሮግራም በቀዳዳ የሚጻፍባቸው ወፍራም ወረቀቶች ናቸው። ሁለተኛው ደብተር ነው፤ ግማሹ በሩሲያኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። እጥፍ እጥፍ ያለ የፕሪንተር ወረቀትም አለበት። ሦስተኛው ዲስኬት ነው። ቆጠርኳቸው፣ 41 ናቸው። አንዱ ላይ በእጃቸው «መማሪያ፣ ምዕራፍ 3፣ የታረመ» ብለው ጽፈዋል።

እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ «ቆራሌው ሲመጣ ስጪው» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። አንዱን ካርቶን ምስጥ ከሥሩ በልቶታል። እኔ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ደጋግመው የሚያጫውቱኝ ነገር ነበር። የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር፣ ሜስም የሚባለው፣ የተሠራው ኪየቭ ዳር ፌኦፋኒያ ነው፤ ቀድሞ የገዳም በነበረ ቤት ውስጥ። ሥራውን የመራው ሰርጌይ ሌቤዴቭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ጀመረ፤ 6,000 ገደማ የቫኪዩም ቱቦ ነበረው። አጎቴ «ገዳም ውስጥ!» ሲሉ ሁልጊዜ በእጃቸው ወደ ሐይቁ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ያሳዩ ነበር።

ዲስኬቱን እንዴት ልክፈተው? ካርዱንስ ምን ላድርገው? እንዲህ ያለ ነገር የሚሰበስብ ቦታስ አለ?

የካርድ ክፍል

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እኔ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት 11 ዓመት ካርድ ፓንች ሳደርግ ነው የኖርኩት። አደራሽን፣ ካርዱን እንዳትቀላቅይው! ካርዱ 80 ዓምድ አለው። አንዱ ካርድ አንድ የፕሮግራም መስመር ነው። ተራው ከተዛባ ፕሮግራሙ የለም ማለት ነው። ፎርትራን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ73 እስከ 80 ያለው ዓምድ ለተራ ቁጥር ይተዋል፤ ብዙ ሰው ግን አይሞላውም ነበር። ስለዚህ ጥቅሉን ደልደል አድርገን ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ሰያፍ መስመር እናሰምርበታለን። ወድቆ ቢበተን መስመሩን ተከትለሽ ትመልሽዋለሽ። እስቲ ጠርዙን እዪው።

ላስቲኩን በመቀስ ቀስ ብለሽ ቁረጪው። ሲያረጅ ካርዱ ላይ ይጣበቃል። በነጭ የጥጥ ጨርቅ እሰሪው፤ አታጥብቂው።

እኛ ጋ አዲስ ማሽን ሲገባ የድሮውን ካርድ ጓሮ አውጥተው አቃጠሉት። ሦስት ቀን ጨሰ። የኔም 11 ዓመት እዚያ ውስጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማኅደር

እትዬ የካርድ ክፍል ያሉት ትልልቅ አገሮችም ደርሷል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክት ለመፍታት ኮሎሰስ የተባሉ ማሽኖች ሠርተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ተፈታቱ፤ ሰነዳቸውም ተቃጠለ። ቶኒ ሴል የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንዱን መልሶ ለመሥራት ሲነሣ በእጁ የነበሩት ጥቂት ፎቶግራፎችና የቀድሞ መሐንዲሶች በየቤታቸው ያስቀሯቸው የንድፍ ቁርጥራጮች ነበሩ። ማሽኑ በዚያ ተሠራ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የሚሰበስብ አለ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቻርልስ ባቤጅ ኢንስቲትዩት አለ። ማሽን አይደለም የሚሰበስበው፤ ደብዳቤ፣ ማኑዋል፣ ረቂቅ፣ ከባለሙያዎች ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ ነው። ማሽን የፈለገ ካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ይሂድ። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ፣ የኛ ብራናዎች የማይክሮፊልም ቅጂ ተቀምጧል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተጀመረ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ሙሉ ተቀምጠው፣ እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጁለት። ፊልሙ ብቻውን ቢቀር የትኛው ጥቅልል ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቅ ነበር?

ስለዚህ ለማንም ከመላክሽ በፊት እንዳለ ፎቶ አንሺው። ደብተርን ለብቻ፣ ካርድን ለብቻ ብለሽ አታስተካክይው። አጎትሽ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጡት በምክንያት ይሆናል። ምኑ ምን እንደሆነም ከሚያውቅ ሰው ጠይቀሽ ጻፊ። ከመሬት ከፍ አድርጊው፣ ከግድግዳም አርቂው።

ፔዳ ግቢ

እህቴ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው ባለ 3.5 ኢንች ዲስኬት ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ድራይቭ ይበቃል። መጀመሪያ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ቀዳዳው እስኪታይ ግፊያት። ያኔ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሻጋታ ያለበትን አትክተቺ፤ ድራይቩንም ሌሎቹንም ያበላሻል። ፋይል እየመረጥሽ አትቅጂ፤ ዲስኩን እንዳለ ኢሜጅ አድርጊው፤ ማለትም ሙሉውን በአንድ ፋይል ገልብጪው።

የአማርኛው ፋይል ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ብታዪ አትደንግጪ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ሁሉም በየራሱ አደራደር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ፎንት አይነበብም። ከ41ዱ መካከል የፎንቱ ማስጫኛ ካለ ከምዕራፍ 3 እኩል ጠብቂው። ያለሱ ምዕራፉን ማንበብ ከባድ ነው።

ድራይቭ አለኝ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነኝ።

ጣና ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ አወጣኋቸው። እውነትም ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ። እትዬ ቡና ሊያቀርቡ መጥተው መስመሩን ሲያዩ ቆሙ። «ይሄን እኮ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እሱ ጥቅሉን ይዞልኝ» አሉ። ኪየቭ እንደተጋቡ አውቃለሁ። ይህን ግን ነግረውኝ አያውቁም።

የቆራሌው ነገር ቀርቷል። አሁን እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እስካሁን አራት ጥቅል ለይተናል።

ፔዳ ግቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ድራይቩን ይዘህ ናልን። እትዬ «ምሳ ሳይበላ ይምጣ» ብለዋል።